የልብ ወለድ ሐሳብ፦ ከስብከት ዝግጅት ወይስ ከለቅሶ ቤት?

ልብ ወለድ ለሚሞክር መጋቢ የስብከት ዝግጅት ትራፊ አስተማማኝ ምንጭ ነው። ሉቃስ 15 ላይ ባለው የጠፋው ልጅ ምሳሌ፣ ታላቁ ልጅ ወደ ግብዣው ይግባ አይግባ አልተነገረም፤ ከዚያ አንድ አጭር ታሪክ ይወጣል። ችግሩ፣ ሰባኪው ገጸ ባሕርዩን አላናግር ይላል፤ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ምክር ይጀምራል። ያንን አንቀጽ ቆርጦ መጣል ነው።

ለቅሶ ቤትና የቤት ለቤት ጉብኝት ግን ይበልጣሉ፤ ሕያው ንግግር ያለው እዚያ ነው። ደብተር ፊት ለፊት አይወጣም (ነውር ነው)፤ ታክሲ ሲጠበቅ ሁለት መስመር ይበቃል፦ ድንኳኑ ጥግ የተደራረበው የእድር ወንበር፣ ቡና የምታቀርበው ጎረቤት አነጋገር። ስም አይጻፍም። በምስጢር የተነገረማ ጭራሽ አይነካም፤ ስምና ሰፈር ቢቀየርም በትንሽ ጉባኤ ባለቤቱ ወዲያው ይታወቃል።