ከቦታቸው ተነሥተው የተረፉ ቤቶች፦ የፎርት ዎርዙ ሎግ ካቢን ቪሌጅ

በቴክሳስ፣ በፎርት ዎርዝ ከተማ፣ ከእንስሳት ማቆያው ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ሎግ ካቢን ቪሌጅ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ሰፋሪዎች ከግንድ የሠሯቸው መኖሪያ ቤቶች ተሰብስበው የሚጎበኙበት የከተማው ሙዚየም ነው። ቤቶቹ ግን እዚህ አልተሠሩም። በየገጠሩ ቆመው እርጅና ሲጥላቸው ያዩ የአካባቢው የታሪክ ወዳጆች በ1950ዎቹ ያሰባስቧቸው ጀመር፤ ቦታውም እ.ኤ.አ. በ1966 ለሕዝብ ተከፈተ።

የግንድ ቤት ለመዛወር የሚመች በአሠራሩ ምክንያት ነው። ማዕዘኑን ጠጋ ብሎ ለሚያይ፣ የየግንዱ ጫፍ በመጥረቢያ ተጠርቦ ከበታቹ ካለው ጋር እንዲቆላለፍ ተደርጓል፤ ግድግዳውን የያዘው ምስማር አይደለም። ስለዚህ በየግንዱ ላይ ቁጥር ተጽፎበት፣ ከላይ ወደ ታች ተፈትቶ፣ በአዲሱ ስፍራ በቁጥሩ ተራ መልሶ ሊደረደር ይችላል። በግንዶቹ መካከል የተመረገው ጭቃ፣ የድንጋዩ ምድጃና የጭስ መውጫው ግን እንዳሉ አይጓዙም፤ መሬት ነክቶ የበሰበሰ ግንድም መተካት አለበት። ጎብኚ ሁሉ የትኛው ጥንታዊ፣ የትኛው የተተካ እንደሆነ አስጎብኚዎቹን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ከሁሉም በላይ ልቤን የነካው የአይዛክ ፓርከር ቤት ነው። ቤቱ መጀመሪያ የቆመው በበርድቪል አቅራቢያ ሲሆን፣ በኋላ የጋዜጣ ባለቤቱ ኤመን ካርተር ወደ ራሱ እርሻ አዛውሮት ነበር፤ ወደዚህ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። የአይዛክ የወንድም ልጅ ሲንቲያ አን ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1836 በልጅነቷ ተማርካ፣ ሃያ አራት ዓመት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከኮማንቼዎች ጋር ኖራ፣ አግብታና ወልዳ ሳለ በ1860 በታጣቂዎች ተይዛ ከሕፃን ልጇ ጋር ወደ አጎቷ ቤት ተወሰደች። ዘመዶቿ ነፃ እንደወጣች ቢቆጥሩትም፣ እርሷ ወደ ባሏና ወደ ወንዶች ልጆቿ ለመመለስ ደጋግማ ሞክራለች። ልጇ ኳና በኋላ ስመ ጥር የኮማንቼ መሪ ሆነ። ይህን እያወቁ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ መቆም ከባድ ነው፤ ቤቱ ባይተርፍ ኖሮ ታሪኩ ከወረቀት ባላለፈ ነበር።

አንድ ቅሬታ አለኝ። በጥንት ቦታቸው እጅግ ይራራቁ የነበሩ ቤቶች እዚህ ደጅ ለደጅ ስለቆሙ፣ ሰፋሪዎቹ በአንድ መንደር የኖሩ ይመስላል፤ የነበረባቸው ብቸኝነት ከአቀማመጡ አይታይም። በየደጁ ቤቱ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ጉልህ ካርታ ቢቆም ብዙ ይረዳ ነበር።

በዘመኑ ልብስ የሚያስተናግዱት ሠራተኞች ግን ምስጋና ይገባቸዋል። ጥጥ ሲፈተል፣ ሻማ ሲሠራና ብረት ሲቀጠቀጥ ያሳያሉ፤ ሾው በተባለ ሰፋሪ ስም በሚጠራው ቤት ደግሞ በቆሎ የሚፈጭ ወፍጮ አለ። በዳላስና በአካባቢው የምትኖሩ ወላጆች ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ አትከስሩም፤ የቴክሳስ የበጋ ፀሐይ ስለሚበረታ ጸደይን ወይም መኸርን ምረጡ፣ የሚከፈትበትንም ሰዓት አስቀድማችሁ አረጋግጡ።