የቦርከና ዳር ማኅበራት ሆይ፣ ይቺን የሂሳብ ባለሙያ እወቋት

ሰላም ወገን፣ በተለይ ከደሴ እስከ ከሚሴ በቦርከና ዳር የምትለፉ ማኅበራት። ኮምቦልቻ ያለች አንዲት የሂሳብ ባለሙያ ላመሰግን ነው። «ስሜን እንዳትጽፍ» ስላለችኝ ስሟን ትቼዋለሁ፤ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር አናግሩኝ።

እኛ የአንድ ቅሬ (እንደ እድር ያለ የመንደር መረዳጃ ማኅበር) ሰዎች ነን። ቦርከና ክረምት በገባ ቁጥር ዳርቻውን እየናደ ማሳ ይወስድብናል፤ በበጋ ደግሞ የከተማ ቆሻሻ ይዞብን ይወርዳል። ችግኝ መትከል፣ ድንጋይ መካብ ጀመርን። ጉልበት አላጣንም፣ ያጣነው የጋቢዮን ሽቦ (ድንጋይ ተሞልቶበት ዳርቻውን የሚደግፍ የሽቦ ሳጥን) መግዣ ነው። በኋላ አንድ የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን እንደኛ ያሉ ትንንሽ የወንዝ ጥበቃ ቡድኖችን እንደሚደግፍ ሰማንና አመለከትን።

ብሩ ግን በአንድ ጊዜ እጅ አይገባም። በዙር ነው የሚለቀቀው፤ የመጀመሪያውን ሳታወራርዱ ሁለተኛው አይመጣም። በዚያ ላይ «የእናንተ መዋጮስ?» ይላሉ። እዚህ ጋ ጨነቀን።

የሂሳብ ባለሙያዋ «የቅሬውን መዝገብ አምጡ» አለች። ለሥራ ማን እንደወጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን እንደተቀጣ የሚጻፍበትን፣ ጠርዙ ያለቀ ደብተር። ገጹን እየገለጠች የወጣውን ሰው ሁሉ ቆጠረች፤ በአካባቢው የቀን ሠራተኛ ዋጋ ተመነችው፤ ድንጋይ ያመላለሱትን አህዮች ኪራይ ጨመረችበት። «መዋጮአችሁ ይኸው!» የቅሬው ዳኛ ድምሩን ሲያዩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው እንደገና አዩት።

ሌላው የደረሰኝ ነገር ነው። ድንጋይ የሸጠልን ገበሬ ደረሰኝ ከየት ያመጣል? ቀኑ፣ ዓይነቱ፣ ብዛቱ፣ ዋጋው፣ የተቀባዩ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ የእማኞች ስም ያለበት ቅጽ አዘጋጀችልን። ከመጠቀማችን በፊት ደግሞ ፋውንዴሽኑ ይቀበለው እንደሆነ በጽሑፍ አስጠየቀችን። ይሄን ወደድኩላት። ሽቦውን ግን «ያለ ደረሰኝ ልቀንስላችሁ» ያለን ነጋዴ ጋ እንዳንሄድ ከለከለችን።

ለጋሽ ሁሉ አንድ እንዳልሆነም የነገረችን እሷ ናት። ግሎባል ግሪንግራንትስ ፈንድ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተ ድርጅት ቡድኖችን የሚያገኘው አካባቢውን በሚያውቁ አማካሪዎቹ ጥቆማ ነው፤ ዝም ብሎ ማመልከቻ መላክ አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው የጂኢኤፍ (የዓለም አቀፉ የአካባቢ ጥበቃ ፈንድ) አነስተኛ የድጋፍ ፕሮግራም ደግሞ ማመልከቻውን የሚያጸድቀው በየአገሩ ባለ ኮሚቴ ነው፤ አብዛኞቹ አባላቱ ከመንግሥት ውጭ የሆኑ ሰዎች ናቸው። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የምትተዳደሩ ከሆነ ደግሞ የአስተዳደር ወጪያችሁ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ከበጀቱ ጀምሮ ታሰላላችኋለች።

ክፍያዋ በውል ነው፣ ደረሰኝም ትቆርጣለች። (ከሷ በፊት ያናገርነው ፕሮፖዛል ጸሐፊ ከሚመጣው ብር በመቶኛ ካልተቆረጠልኝ ብሎን ነበር። እሱስ ይቅር።) ቁጣዋ ፈጣን ነው፤ የተሰረዘ የተደለዘ ወረቀት ይዛችሁ ከሄዳችሁ ትመልሳችኋለች።

አላህም እግዜርም ይስጥልን፣ እህታችን።

ሐምሌና ነሐሴ የግብር ወቅት ስለሆነ አትገኝም፤ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ስትሄዱ መተዳደሪያ ደንባችሁን፣ የምዝገባ ወረቀታችሁን፣ በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ደብተራችሁንና የቅሬውን መዝገብ ያዙ።