ሁለት አሮጌ የዘይት ቀለም ፖርትሬቶች በአዳማ ገበያ፦ የትኛውን፣ በየትኛው ዋጋ?

ይህ ንጽጽር የተዘጋጀው በአዳማ ሁለት ሻጮች ካቀረቧቸው ሁለት አሮጌ የመልክ ሥዕሎች አንዱን መርጦ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ነው። የመጀመሪያው የዳንቴል አንገትጌ ያለው ጥቁር ልብስ የለበሰች አውሮፓዊት ሴት ምስል ሲሆን፣ ሻጩ ከወንጂ ሆላንዶች ቤት የወጣና የታዋቂዋ ሠዓሊ የቴሬዝ ሽዋርትሴ ሥራ መሆኑን ይናገራል። ሁለተኛው ካባ የደረቡና ደረታቸው ላይ ሜዳሊያ የደረደሩ ኢትዮጵያዊ መኳንንት ምስል ነው። በቀኝ በኩል ከግርጌው «አ. እ. 1944» የሚል ፊርማ ስላለበት ሻጩ የኢትዮጵያዊው ሠዓሊ የአገኘሁ እንግዳ ሥራ ነው ብሎ ከመጀመሪያው በእጥፍ የሚበልጥ ዋጋ ጠርቶበታል። ሁለቱም ሻጮች ዋጋ የሚጠይቁት ከሸራው ይልቅ ለሠዓሊው ስምና ሕይወት ስለሆነ፣ ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ያ የሕይወት ታሪክ ከፊቱ ከተሰቀለው ሥዕል ጋር ይገጥም እንደሆነ ነው። ከዚህ በታች ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ለምን እንዲህ መለየት እንዳስፈለገ ሁለተኛው ሥዕል ላይ ስንደርስ ግልጽ ይሆናል።

የወንጂው ታሪክ ሲሰሙት የሚያሳምን ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1954፣ የሸዋውን ደግሞ በ1962 ሥራ አስጀምሮ እስከ 1975 መወረስ ድረስ በርካታ የሆላንድ ቤተሰቦችን በአካባቢው አኑሯል፤ ስለዚህ ከእነዚያ ቤቶች የቀረ ዕቃ አዳማ ውስጥ ቢገኝ የሚያስገርም አይሆንም። ሽዋርትሴ ግን የሞተችው በ1918 ነው። ሥዕሉ የእርሷ ከሆነ ፋብሪካው ሲከፈት ቢያንስ 36 ዓመት የሞላው የቤተሰብ ቅርስ ነበር ማለት ነው። የእርሷ ደንበኞች ደግሞ የአምስተርዳም ባለጸጎችና ንግሥት ዊልሄልሚናን ጨምሮ የሆላንድ ንጉሣውያን ስለነበሩ፣ እንዲህ ያለውን ውድ የቤተሰብ ምስል ወደ ሸንኮራ እርሻ ይዞ መጥቶ ጥሎ የሄደ ሰው ማን እንደሆነ ማስረጃ ሊቀርብ ይገባል። ሻጩ ያለው ማስረጃ ግን ቃሉ ብቻ ነው።

የሠዓሊዋ ሕይወት ለገዢው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በ1851 አምስተርዳም ውስጥ ተወለደች፤ የመጀመሪያ መምህሯ ራሱ የመልክ ሠዓሊ የነበረው አባቷ ዮሃን ጌኦርግ ነበር። እርሱ በ1874 ሲሞት ቤተሰቡን በብሩሿ የማስተዳደር ኃላፊነት በእርሷ ላይ ወደቀ። ሙኒክና ፓሪስ ሄዳም ተምራለች። በዘመኗ እጅግ ዝነኛ ስለነበረችና በርካታ ሰዎችን ስለሣለች ሥራዎቿ በሰነድ የተመዘገቡ ናቸው፤ ዘ ሄግ የሚገኘው የሆላንድ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተቋም የሠዓሊያንንና የመልክ ሥዕሎችን መዝገብ ማንም ሰው በኢንተርኔት በነፃ እንዲመለከተው ክፍት አድርጎታል። የተሣለችው ሴት ስም ቢታወቅ ወይም ከፍሬሙ ጀርባ የፍሬም ሠሪ ወይም የኤግዚቢሽን ወረቀት ተለጥፎ ቢገኝ ጉዳዩ በአንድ ምሽት ፍለጋ ሊቋጭ ይችል ነበር። በዚህ ሥዕል ጀርባ ግን አንዳችም ጽሑፍ የለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያጠራጥረው ፊርማው ነው። የዘይት ቀለም በብዙ ዓመታት ሲደርቅ ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣል፤ ሠዓሊው ራሱ የፈረመው ፊርማ ከሥዕሉ ጋር አብሮ ይሰነጠቃል። በዚህ ሥዕል ላይ በአጉሊ መነጽር እንዳየሁት የፊርማው ቀለም በስንጥቆቹ ውስጥ ፈስሶ ገብቷል፤ ፊርማው የተጻፈው ሥዕሉ ካረጀ በኋላ ነው ማለት ነው። ባንክ ቤት ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ዓይነት ሐምራዊ መብራት ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲበራበትም ተመሳሳይ ነገር ይታያል፦ አሮጌው ቫርኒሽ አረንጓዴ መሰል ድምቀት ሲሰጥ ፊርማው ከላዩ ጠቁሮ ይወጣል። እንዲህ ያለውን መብራት በእጅ የሚያዘውን አነስተኛውን መግዛት ይቻላል፤ ዋጋውም ከአንድ የተሳሳተ ግዢ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም።

ሆኖም ፊርማው ተጨምሮበታል ማለት ሥዕሉ ራሱ አዲስ ቅጂ ነው ማለት አይደለም። ሸራው ከጀርባው በእኩል ጠቁሯል፣ የተመታባቸው ምስማሮች በዝገት እንጨቱን አቅልመውታል፣ የፊቱ አሣሣልም የሠለጠነ እጅ ያረፈበት ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይ በማተሚያ ማሽን የወጣ ምስል የሚያሳየው የነጠብጣብ ረድፍ የለበትም። ስለዚህ ሠዓሊው ያልታወቀ፣ ምናልባትም የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአውሮፓ ሥራ ተብሎ በዚያው ልክ ሊገመት ይገባዋል። ስሟን የማናውቃት ሴት ምስል ለሳሎን ግርማ ይሰጣል፤ ለሆቴል መቀበያ ክፍልም ይስማማል፤ ከዚያ አልፎ ግን የሚተረክ ነገር የለውም።

ሁለተኛው ሥዕል በይዞታው የባሰ ነው። ሸራው ረግቧል፣ ከታችኛው ጠርዝ ቀለሙ መርገፍ ጀምሯል፣ ፊቱም የዓመታት የዕጣንና የቡና ጭስ ባጠራቀመው ጥላሸት ደብዝዟል። ከጀርባው የስቴፕለር ሽቦ ስለተመታበት አንዳንድ ሰው ወዲያው አዲስ ነው ሊል ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሽቦ ለሸራ መወጠሪያ የተለመደው ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነውና። ነገር ግን ከሽቦዎቹ አጠገብ የአሮጌ ምስማር የዛጉ ቀዳዳዎች ስለሚታዩ ሥዕሉ አንድ ጊዜ ተፈትቶ እንደገና የተወጠረ መሆኑ ያስታውቃል። ፊርማውን በተመለከተ ደግሞ ከመጀመሪያው ሥዕል ፍጹም ተቃራኒ ነው፦ ከቫርኒሹ ሥር ነው፣ ስንጥቁም በላዩ ያልፋል። ሥዕሉን የሣለው ሰው ራሱ ፈርሞበታል፤ ጥያቄው ያ ሰው ማን ነው የሚለው ብቻ ነው።

አገኘሁ እንግዳ የጎንደር ሰው ናቸው። በ1926 ወደ ፓሪስ ተልከው በዚያ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለሰባት ዓመታት ያህል ከተማሩ በኋላ ወደ አገራቸው የተመለሱ፣ የአውሮፓን የዘይት ቀለም አሣሣል ወደ ኢትዮጵያ ካመጡት ቀዳሚዎች አንዱ የነበሩ ሠዓሊ ናቸው። ከመመለሳቸው ብዙም ሳይቆይ የጣሊያን ወረራ ደረሰ፤ ያረፉት ደግሞ በ1950 ነው። የሥራ ዘመናቸው እንዲህ አጭርና በጦርነት የተቆራረጠ ስለነበር ሥራዎቻቸው ጥቂት መሆናቸው አያስደንቅም፤ አንድ ሻጭ «የአገኘሁ ነው» ሲል የገዢው ልብ የሚደነግጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ 1944ን እንመልከት። ዓመተ ምሕረት ከሆነ ከመስከረም 1951 እስከ ጳጉሜን 1952 ያለው ጊዜ ስለሆነ ሠዓሊው ካረፉ በኋላ ይውላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሆነ ግን በሕይወት ነበሩ። ቁጥሩ በግእዝ አኃዝ ቢጻፍ ኖሮ ክርክሩ ባለቀ ነበር፤ የተጻፈው ግን በተለመደው አኃዝ ነው። ስሙን በአማርኛ ፊደል ያሳጠረ ሠዓሊ ዓመቱንም በአገሩ አቆጣጠር ጽፏል ብሎ መገመት ለእኔ ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ፓሪስ የተማረ ሰው የፈረንጁን ዓመት ሊጽፍ ይችላል የሚለው ክርክር ቢኖርም፣ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ስሙንም በላቲን ፊደል ቢያደርግ ይሻለው ነበር። ሻጩ ሥዕሉ «ከጣሊያን በፊት የተሣለ ነው» የሚለው አባባል ግን ከናካቴው የሚወድቅ ነው፤ ከሜዳሊያዎቹ አንዱ የአርበኞች ሜዳሊያ ሲሆን ይህ የተሰጠው ከ1941 ድል በኋላ ነውና። «አ. እ.» የሚሉ ፊደላትም ቢሆኑ ለስንት ሰው ስም እንደሚሆኑ አንባቢው ያውቃል።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው፣ የመጀመሪያው የተሻለ ይዞታ ያለው፣ ነገር ግን በሐሰት ፊርማ ዋጋው የናረ ሥዕል ነው፤ ሁለተኛው እውነተኛ ፊርማ ያለው፣ ነገር ግን ፊርማው በስህተት የተነበበ ሥዕል ነው። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እገዛለሁ። ምክንያቴም ባለ ምስሉ ሊታወቁ መቻላቸው ነው፦ የሜዳሊያዎቹ ዓይነትና ቅደም ተከተል፣ የካባው ማዕረግ፣ በዘመኑ ከተነሡ ፎቶግራፎች ጋር የፊት ንጽጽር ተደርጎ ስማቸው ሊገኝ ይችላል። የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እንኳ ገና ከመከፈቱ በፊት፣ በዘይት ቀለም የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን እጅግ ጥቂት በነበሩበት ወቅት የተሣለ በመሆኑም ሠዓሊው ማንም ይሁን ማን ሥዕሉ የራሱ ክብደት አለው። የምከፍለው ግን የአገኘሁን ዋጋ ሳይሆን ለጥገናው የሚወጣውን ወጪ የቀነሰ ዋጋ ነው። ቤቱን ለማስዋብ ብቻ የሚገዛና ለጥገና ወደ አዲስ አበባ መመላለስ የማይፈልግ ሰው ደግሞ የሆላንዷን ሴት ይውሰድ፤ የፊርማውን ዋጋ ግን አይክፈል።

የአዳማ አየር ለሁለቱም አስቸጋሪ ነው። ሙቀቱ ሸራውን ያረግባል፣ ነፋሱ የሚያመጣው አቧራም በፍሬሙ ታችኛ ጠርዝና በሸራው መካከል ገብቶ ይከማቻል። የከሰዓት ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይና ቡና በሚፈላበት ጥግ አጠገብ መስቀል አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና መወልወል ደግሞ በተለይ ቀለሙ መርገፍ ለጀመረው ለሁለተኛው ሥዕል ጥፋት ነው።

ሥዕሉን ውጭ አገር ላለ ዘመድ ለመላክ የሚያስብ ገዢ ቅርሶችን የሚመለከተውን የ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ሊያውቅ ይገባል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ የመኳንንቱ ምስል ደግሞ በቅርስነት የመታየቱ ዕድል ሰፊ ስለሆነ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይሻላል።

በሽያጭ ውሉ ላይ ደላላው በቃል የነገረው ሁሉ በጽሑፍ ይስፈር። ሻጩ «የአገኘሁ እንግዳ ሥራ ነው» የሚለውን ፈርሞ፣ በባለሙያ ምርመራ ካልሆነ ገንዘቡን እንደሚመልስ ከተስማማ በጠራው ዋጋ መነጋገር ይቻላል። ካልተስማማ ውሉ «ሠዓሊው ያልታወቀ፣ አ. እ. 1944 የሚል ፊርማ ያለበት» ብሎ ይጻፍ፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይውረድ።