ለክላስተር ፌንሲንግ ምን ይገዛ? ፒዲዩ፣ ቢኤምሲ ወይስ ኤስቢዲ

ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። «አንዱ ሰርቨር ወደቀ፣ ክላስተሩ ግን ፌንስ ማድረግ አልቻለም፤ ሰርቪሱም ወደ ሌላው አልዞረም። ፒዲዩ እንግዛ እንዴ?» ክላስተር አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲተካው አብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች ናቸው፤ ፌንስ ማድረግ (ፌንሲንግ) የወደቀውን በግድ ማጥፋት ነው፤ ፒዲዩ ደግሞ ለሰርቨሮች ኃይል የሚያከፋፍል፣ አንዳንዱም መውጫዎቹን ከርቀት የሚያጠፋ ዕቃ ነው። መልሴ አብዛኛውን ጊዜ አትግዙ ነው። ከሰርቨሩ ጋር የተከፈለበት ቢኤምሲ (ሰርቨሩን ከርቀት የሚያጠፋና የሚያበራ፣ ውስጡ የተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር) አላችሁ። መጀመሪያ እሱን በሥርዓቱ አስተካክሉት፤ ከኋላው ኤስቢዲ (በጋራ ዲስክ በኩል ፌንስ የሚያደርግ ሶፍትዌር) ደርቡበት።

ክላስተሩን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር፣ ፔስሜከር፣ የወደቀው ኖድ (ሰርቨር) በእርግጥ መጥፋቱን ካላረጋገጠ ቆሞ ይጠብቃል። መጠበቁ ትክክል ነው። ሁለት ሰርቨሮች አንድ ዲስክ ላይ ባንዴ ከጻፉ ዳታው ይበላሻል። ስለዚህ «ስቶኒዝን (የፔስሜከርን ፌንሲንግ) ዝጋውና ይሠራል» የሚል ምክር ከሰጧችሁ አትስሙ።

ወደ ዋጋው ልግባ። ዴል ከሆነ አይድራክ፣ ኤችፒ ከሆነ አይሎ የሚባል ቢኤምሲ ውስጡ አለ። አንዳንድ ሻጭ ለፌንሲንግ የግድ ትልቁን ላይሰንስ መግዛት አለባችሁ ይላል። ኃይል ለማጥፋትና ለማብራት አያስፈልግም። ላይሰንሱ በዋናነት የሚጠቅመው የሰርቨሩን ስክሪን ከርቀት ለማየት ነው። አንድ ነገር ግን አለ፤ በአንዳንድ የቆዩ ዴሎች ለአይድራክ ብቻ የተሠራው የኔትወርክ ፖርት ያለ ኢንተርፕራይዝ ላይሰንስ አይከፈትም። ያገለገለ ሰርቨር የምትገዙ ከሆነ ላይሰንሱ ያለበትን ምረጡ። ኋላ ለብቻው ከመግዛት ይሻላል። ከዚያ ውጪ ወጪያችሁ ትንሽ ስዊችና ሁለት ገመድ ነው።

ፒዲዩ ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ዘሏል። ዕቃው ከባድ ነው፣ የማጓጓዣ ኪሎው ራሱ ያስከፍላል። ደግሞ ሰርቨራችሁ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ካለው ሁለቱም መስመር መቆረጥ አለበት። አንድ ፒዲዩ ላይ ሁለቱንም ብትሰኩ መጠባበቂያ የሚባለው ነገር ቀረ፤ ፒዲዩው ሲበላሽ ሁሉም ይወድቃል። ስለዚህ ሁለት ትገዛላችሁ። ዋጋው እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ርካሽ ሲገኝ ደግሞ ጣጣ አለው። ፍጆታን ብቻ የሚያሳይ ፒዲዩና መውጫን የሚያጠፋ ፒዲዩ በመልክ አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው ለፌንሲንግ ምንም አይጠቅምም። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚያመጣው ኤፒሲ ኤፒ7900 ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ እኛ ጋ 220 ነው። የሚሆነን ኤፒ7920 ወይም ኤፒ7921 ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ሪሌው፣ ማለትም ፒዲዩው ውስጥ መውጫውን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ፣ ነው። ሰርቨር ሲነሳ የሚስበው ኃይል ያረጀ ሪሌ ውስጥ ያሉትን ሁለት ብረቶች ሊያጣብቃቸው ይችላል። ያኔ ፒዲዩው «ጠፍቷል» ይላል፣ መውጫው ግን ኃይል ይሰጣል። ከአንድ ሱቅ ተመሳስሎ የተሠራ ፒዲዩ ተገዝቶ ይህን አይቻለሁ። ክላስተሩ ተሳክቷል ብሎ መዘገበ፣ ሁለቱም ሰርቨሮች እየሠሩ ነበር። ሪሌውን የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ሊቀይረው ይችላል። የተበላሸ ዳታቤዝ ግን በሪሌ አይጠገንም። ከስልክ የሚታዘዝ የቤት ሶኬትማ ጭራሽ አታስቡት፤ ብዙዎቹ ኢንተርኔት ሲቋረጥ አይታዘዙም።

ቢኤምሲም እንከን አለው። የሚሠራው በሰርቨሩ ኃይል ነው። መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱም ካለቀ ቢኤምሲው አብሮ ይሞታል፣ ፌንሲንጉም መልስ አያገኝም። እኛ አገር ይህ የዘወትር ነገር ነው። ኤስቢዲን የምወደው ለዚህ ነው። በጋራ ዲስክ ላይ «ሙት» የሚል መልእክት ይጽፍና የተወሰነ ጊዜ ይጠብቃል። ኖዱ ካለ አንብቦ ራሱን ያጠፋል፤ ማንበብ ካቃተው ዋችዶጉ (በየጊዜው ምልክት ካልደረሰው ሰርቨሩን በግድ የሚያቋርጥ ሰዓት ቆጣሪ) ያጠፋዋል፤ ኃይል ከሌለውም መጀመሪያውኑ ጠፍቷል። የሚፈልገው ዲስክ 10 ሜጋባይት ቢሆን ይበቃዋል፣ ሶፍትዌሩ ነጻ ነው። ዋችዶጉ ግን የሃርድዌር ይሁን። ሶፍትዶግ የሚባለው የሶፍትዌር ዋችዶግ ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ራሱ ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል። የመልእክቱ መጠበቂያ ጊዜ ከዋችዶጉ ጊዜ ቢያንስ እጥፍ፣ የስቶኒዝ ታይምአውት (ፔስሜከር የፌንሲንጉን ውጤት የሚጠብቅበት ጊዜ) ደግሞ ከመጠበቂያው በላይ መሆን አለበት። ይህ ተዛብቶ «ፌንሲንጉ አልሠራም» የሚል ብዙ ነው።

ቢኤምሲ እምቢ ሲላችሁ አዲስ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን እዩ። አይፒኤምአይ (ቢኤምሲው የሚታዘዝበት ቋንቋ) በኔትወርክ በኩል እንዲሠራ ተከፍቷል? ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ሲመጣ ዝግ ነው። አይፒኤምአይ የሚጠቀምበት ፖርት፣ ዩዲፒ 623፣ ፋየርዎል ላይ ተዘግቷል? ፓስወርዱ ከ20 ፊደል በልጧል? አይፒኤምአይ 2.0 ከዚያ በላይ አይቀበልም። ቢኤምሲውና የክላስተሩ መገናኛ አንድ ስዊች ላይ ናቸው? ስዊቹ ሲወድቅ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሰርቨሩ ወዲያው ከመጥፋት ይልቅ ቀስ ብሎ ሰርቪስ እየዘጋ ከሆነ ደግሞ የሊኑክሱ ሲስተምዲ ሎግንዲ የፓወር ቁልፉን ችላ እንዲል አድርጉት። ሁለቱ ኖዶች እርስ በርስ የሚገዳደሉ ከሆነ ለአንደኛው የጥቂት ሰከንድ መዘግየት ስጡት።

ፒዲዩ በእርግጥ የሚያስፈልገው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር እንደ ሰርቨር ለሚጠቀም ሰው ነው። ቢኤምሲ የለውም፤ ፓወር ሰፕላዩም አንድ ስለሆነ አንድ ፒዲዩ ይበቃዋል። ያገለገለ ከገዛችሁ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ በየመውጫው አምፖል ሰክታችሁ ደጋግማችሁ አጥፉና አብሩ። ኮምፒውተሩም ኃይል ሲመለስ ራሱ እንዲነሳ ባዮስ ውስጥ አስተካክሉት፤ አለዚያ ፌንስ ከተደረገ በኋላ ሰው ሄዶ ቁልፉን እስኪጫን ጠፍቶ ይቆያል።