ሐበሻ ፈረሰኛና ሳሙራይ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ቢገናኙስ?

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ልጆች ፈረስ ሲያስጋልቡ እያየሁ ነው ጥያቄው የመጣብኝ። ጠመንጃ ሁለቱም የላቸውም እንበል።

ከርቀት ሳሙራይ፣ ማለትም የጥንቱ የጃፓን ጦረኛ፣ ይበልጣል። ቀስቱ ከ2 ሜትር ይረዝማል፤ ፈረስ ላይ ሆኖም ያስወነጭፈዋል። የእኛው ፈረሰኛ ጦር ይወረውራል፣ ግን ቀረብ ማለት አለበት።

ልብስ? ሳሙራዩ ከብረትና ከቆዳ የተሠራ ጥሩር ለብሷል። የእኛው ሸማ ነው የለበሰው፤ የሚተማመነው በጋሻው ነው።

ልቤ ያለው ግን የጨበጣው ውጊያ ላይ ነው። ካታና የሚባለው ሰይፉ በሁለት እጅ ስለሚያዝ ሳሙራዩ ጋሻ የለውም። የእኛው ሰይፍ ሾተል እንደ ማጭድ የጎበጠው የጠላትን ጋሻ ዞሮ እንዲወጋ ነው፤ ጋሻ በሌለው ሰው ላይ ይህ ብልሃት ብዙም አይጠቅምም። ቢሆንም የጎሽ ወይም የጉማሬ ቆዳ ጋሻ በግራ እጅ የካታናን ምት ሲቀበል፣ ቀኝ እጅ ነጻ ነው። ይህቺን ቅጽበት ሳስባት ደስ ይለኛል።

ፈረሰኛችን በባዶ እግሩ፣ እርካቡን በአውራ ጣቱ ቆንጥጦ ይጋልባል። ከ2,500 ሜትር በላይ ያለውን የሱሉልታን ስስ አየርም ሳንባው ለምዶታል።

በጋ ሆኖ ሜዳው ገላጣ ከሆነ ለሳሙራይ እሰጣለሁ። ክረምት ገብቶ መሬቱ ከጨቀየ፣ ጉሙም ሃያ እርምጃ ካላሳየ ግን ቀስቱ ምን ላይ ያነጣጥራል? ያኔ የእኛው ጋሻውን አስቀድሞ ይገባል።