«ጠዋትና ማታ አጠጪው» ያለኝ ሻጭ ሶስት ሃይድራንጂያ አስቀበረኝ

መንገድ ዳር ካሉ ችግኝ ሻጮች ሃይድራንጂያ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ። እኔ 8,300 ብር ከፍዬ ነው የተማርኩት። እናንተ በነጻ ተማሩ።

ስሙ ግራ ለገባችሁ፣ ያ ቅጠሉ ሰፋፊ የሆነው፣ አበባው እንደ ኳስ ድብልብል ብሎ አንዳንዱ ሰማያዊ፣ አንዳንዱ ሮዝ የሚሆነው ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኘው የኖርኩት አበባ ነው፣ ለዚህ ነው መሰለኝ ዓይኔን ጨፍኜ የገዛሁት።

ጥር ላይ ነው። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው፣ «እህቴ፣ ይሄ እንደ ሌላ አበባ አይደለም፣ በፓኬጅ ነው የሚሸጠው» አለኝ። አራት ችግኝ ከነቫዙ፣ አንዱ 1,800 ብር። «ውሃ ያዥ ጄል» 600። «ሰማያዊ ማድረጊያ ዱቄት» 500። በዚህ ላይ የ3 ወር ዋስትና፣ ማህተም ሳይቀር ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ ላይ ግን በትንሹ «ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጆግ ውሃ ካላገኘ ዋስትናው አይሰራም» ይላል። አየሁት። እንዴት ያሉ ጥንቁቅ ሰዎች ናቸው ብዬ እንዲያውም ተደሰትኩ።

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። እኔ ግን ከሮቶ እየቀዳሁ በቀን ስምንት ጆግ ለአበባ ሳመላልስ ከረምኩ፣ ባለቤቴ «ለሰው ሳይበቃ» እያለ እየተነጫነጨ። የመጀመሪያው ሳምንት አሪፍ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሰባት ሰዓት አካባቢ ስወጣ ቅጠሎቹ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተዝለፍልፈው አገኘኋቸው። ደነገጥኩና ደወልኩለት። «ጠምቶት ነው፣ ጨምሪለት!» አለ። ጨመርኩ። ማታ ላይ ቀና ብለው አገኘኋቸው፣ እና ልጁ ልክ ነው አልኩ።

የተሸወድኩት እዚህ ጋ ነው። የሃይድራንጂያ ቅጠል ሰፊ ስለሆነ፣ ፀሐይ ሲበረታ ሥሩ ከሚስበው በላይ ውሃ በቅጠሉ ይተንበታል፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖም ቢሆን። ስለዚህ ቀን ላይ ይዝላል፣ ሲበርድ ደግሞ ራሱ ይነሳል። እኔ ባላጠጣውም ማታ ይነሳ ነበር ማለት ነው። መታየት ያለበት ጠዋት ነው። ጠዋትም እንደዛለ ካደረ ያኔ ችግር አለ፣ ግን ያም ቢሆን ጥማት ላይሆን ይችላል። ሥሩ የበሰበሰ አበባም መልኩ ልክ የተጠማ ይመስላል፣ ምክንያቱም ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ውሃ መሳብ አቅቶታል። ጣታችሁን ሁለት አንጓ ያህል አፈሩ ውስጥ ሳትከቱ ጆግ አታንሱ፣ በቃ።

በሶስተኛው ሳምንት የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆኑ፣ ግንዱ ሥር ላይ ጠቆረ። ጎረቤታችን እትዬ መጡና አንዱን ግንዱን ይዘው ሳብ ሲያደርጉት ያለምንም ትግል ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ። ችግኙ የበቀለበት ጥቁር ፕላስቲክ ሳይቀደድ ከነነፍሱ እዚያው አለ። ቫዙ ከታች አንድም ቀዳዳ የለውም። ያ 600 ብር የከፈልኩበት ጄል ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ ከሥሩ እንደ ተልባ ተዝለግልጎ ተኝቷል። ሽታው የተደፈነ ቦይ ነው። እትዬ አንዷን ሥር በጣታቸው ሲያሹት ልጣጩ ሙልጭ ብሎ ወጣና ቀጭን ክር ብቻ ቀረ። «ልጄ፣ ይሄ መች ጠማው፣ ሰጥሟል እንጂ» አሉኝ።

ልጁ ጋ ስደውል ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «በቂ ውሃ ስላላጠጣሽው ነው፣ ዋስትናው ላይ ተጽፏል።» ከዚያ በኋላ ስልኬን አላነሳም።

ጄሉ ሕፃናት ዳይፐር ውስጥ ካለው ውሃ መጣጭ ጋር ዘመድ ነው። ውሃ ይይዛል፣ አልዋሸም። ቀዳዳ የሌለው ቫዝ ውስጥ ግን ውሃ መያዝ ማለት ሥሩን ማበስበስ ነው። ዱቄቱ ደግሞ የባሰ ነው። ቀለሙን የሚቀይረው አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ተክሉ የሚያገኘው አሉሚኒየም ነው፣ ነጭ ሃይድራንጂያ ደግሞ ምን ቢደረግ ሰማያዊ አይሆንም። ከአራቱ አንዱ ነጭ ነበር። ለእሱም ዱቄት ሸጦልኛል፣ ጉድ እኮ ነው!

እትዬ የራሳቸውን ከቤቱ በስተምሥራቅ ነው የተከሉት፣ የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፣ ከቀትር በኋላ ጥላ ነው። በበጋ በሳምንት ሁለቴ ገደማ፣ በጠዋት፣ ከግንዱ ሥር ቀስ ብለው እስኪርስ ያጠጡታል። ቅጠሉን አያርሱም፣ በተለይ ማታ፣ ነጠብጣብ ያመጣል ይላሉ። ሥሩ ላይ ደረቅ ሣር ይነሰንሱበታል፣ እርጥበቱ ቶሎ አይሄድም። ሐምሌና ነሐሴ ጭራሽ አይነኩትም። ቫዝ ላይ ከሆነ ግን አፈሩ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃልና በየቀኑ በጣት ማየት ነው፣ ማየት አልኩ እንጂ ማፍሰስ አላልኩም። ስታጠጡ ከታች እስኪንጠባጠብ፣ የተጠራቀመውን ደግሞ መድፋት። ቫዙ ኮርኒስ ሥር ከተቀመጠ ክረምትም ቢሆን ዝናቡ ላይደርሰው ይችላል፣ አትርሱት።

ስትገዙ ቫዙን ገልብጡና ቀዳዳውን እዩ። ፕላስቲኩ መውጣቱን ጠይቁ። ሻጩ «አይነካም» ካላችሁ ሌላ ጋ ሂዱ። ዋስትና ከሰጣችሁ ደግሞ አበባው ሲሞት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማን እንደሚወስን አስጽፉ፣ የእኔው ላይ የሚወስነው እሱ ራሱ ነበር።

ነጩ ተርፏል። የበሰበሰውን ሥር ቆርጠን የተቀደደ ባልዲ ውስጥ ተከልነው፣ አሁን ሁለት ቅጠል አውጥቷል። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም እዚያው አለ፣ ባለማህተሙን ወረቀት ይዞ።