መሬት ይሸጥ ወይስ አይሸጥ?

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 አጸናው፤ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው እጅ ላይ ያለው የይዞታ ደብተር ነው፤ በፌስታል ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ክፉ ቀን ቢመጣ ማሳው ለባለገንዘብ አይሄድም። ግን ልጆች ሲያድጉ ያቺኑ ግማሽ ሄክታር ይቆራርሷታል። ከተማ ገብቼ ሱቅ ልክፈት ቢል ደግሞ ቢበዛ ያከራያታል እንጂ ሸጦ መነሻ አያገኝም።

የግል ቢሆንስ? መነሻውን ያገኛል። «ለልማት» ተነሳ ሲባልም በዋጋ ይከራከራል። ችግሩ ድርቅ ነው። በሬውን የሸጠ ሰው ቀጥሎ መሬቱን ይሸጣል፣ ያውም በርካሽ።

እኔ መሃሉ ይሻለኛል። የ2016ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የመጠቀም መብትን ለብድር ማስያዝ ፈቅዷል። ማሳው ሳይሸጥ ብር ያወጣል ማለት ነው፤ አበዳሪው እሺ ካለ።